ጁላይ 4ን በሙሉ ልብ ማክበር ለከበዳቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሰኔ ሲጋመስ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ቆም ይሉና የሚያነሱት ጉዳይ በየዓመቱ አንድ ነው። «የአሜሪካ የነፃነት ቀን ደረሰ፤ ደስ እያለኝም ቅር ይለኛል፤ ልጄም ትጠይቀኛለች፤ ምን ልበላት?» ይሉኛል። ለአንዱ የመለስኩትን ለሌላው ስደግም ስለኖርኩ በአንድ ቦታ ልጽፈው ወሰንኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በስተቀር፣ የፈረንጆች ናቸው።

ጁላይ 4 ምን የተፈጸመበት ቀን ነው?

በ1776 ፊላዴልፊያ ላይ የተሰበሰበው የ13ቱ ቅኝ ግዛቶች ጉባኤ የነፃነት አዋጁን ያጸደቀበት ቀን ነው። ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የተሰጠው ከሁለት ቀን በፊት፣ ጁላይ 2 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ላይ ይውላል። በ2026 ድፍን 250 ዓመት ይሆነዋል።

ታዲያ ቅሬታው ከየት መጣ?

ከአዋጁ ከራሱ። ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው መፈጠራቸውን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ቶማስ ጀፈርሰን በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በረቂቁ ላይ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ አንቀጽ አስገብቶ ነበር፤ ጉባኤው ግን ሰረዘው። የምድሪቱን ነባር ሕዝቦች ደግሞ ያው አዋጅ ምሕረት የማያውቁ አረመኔዎች ብሎ ይጠራቸዋል። በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ለምክር ቤት ወንበር ድልድል ሲባል በባርነት ያለውን ሰው እንደ አንድ ሰው ሦስት አምስተኛ ቆጠረው። ባሪያው ድምፅ አይሰጥም፤ የጌታው ክፍለ ግዛት ግን በእሱ ቁጥር ተጨማሪ ወንበር ያገኛል። ባርነት በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተሻረው በ1865 ነው። ከአዋጁ እስከዚያ ድረስ 89 ዓመት አለፈ፤ በዚህ ዘመን ውስጥ ተወልደው፣ ሠርተው፣ ወልደው፣ ልጃቸው ተሸጦባቸው የሞቱ ሰዎች ሞልተዋል።

ያለፈ ነገር ነው ለሚለኝ ሰው የማሳየው አንድ ቁጥር አለኝ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው የቤተሰብ ሀብት ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን የመካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ 44,900 ዶላር ነው። ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሀብት የሚወረስ ነገር ነው፤ ቤት እንዳይገዛ የተከለከለ አያት ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ቤት አይኖረውም።

ስለዚህ ቀን ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ምን ብለዋል?

አንድ ድምፅ የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይገባም። በዚህ ቀን ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅሉም፣ በራቸውን ዘግተው የሚውሉም አሉ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ግን ከፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ዳግላስ ዛሬ ብዙዎቻችን በምንኖርባት በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠ ሰው ነው። በ1852 በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ያሉ የፀረ ባርነት ማኅበር ሴቶች የነፃነት ቀን ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት። የተናገረው ጁላይ 5 ነው። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም፤ በኒው ዮርክ ባርነት ጁላይ 4 ቀን 1827 ሲያበቃ ጥቁሮቹ አደባባይ ወጥተው ነፃነታቸውን ያከበሩት በማግስቱ ነበርና።

በአዳራሹ ለተሰበሰቡት ነጮች በመጀመሪያ የአገሪቱን መሥራቾች ድፍረት አመሰገነላቸው። ቀጥሎ የእናንተ ጁላይ 4 ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ በዓሉ የእናንተ ነው፣ እናንተ ትደሰታላችሁ፣ እኔ ግን አዝናለሁ አላቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ዳግላስ ግን በዚያው ንግግር ሕገ መንግሥቱ በትክክል ከተነበበ የነፃነት ሰነድ ነው ሲል ተከራክሯል፤ ንግግሩንም የዘጋው በተስፋ ነው። ይህን የማነሳው ቁጣውን ላለዝበው ፈልጌ አይደለም። አገሪቱ ቃሏን እንድትጠብቅ ከእሱ በላይ የጠየቃት የለም፤ ቃሉን ለባለቃሎቹ ትቶላቸው አልሄደም።

ዳግላስ ያረጀበት ቤት በዋሽንግተን አናኮስቲያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በኮረብታ ላይ ቆሞ ዛሬ በሙዚየምነት ይጎበኛል። ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ የምክር ቤቱ ጉልላት ይታያል። ልጆቹን በየዓመቱ እወስዳቸዋለሁ፤ ከአሥር ንግግር ያ ዕይታ ይበልጣል።

እኛ በባርነት አልመጣንም። ይህ የእነሱ ጣጣ ነው፤ ምን አገባን?

ይህን ጥያቄ በቅንነት የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ በንቀት የሚጠይቁኝም አሉ። ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው፤ የገባንበትን በር ማን እንደከፈተው እንይ።

በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ዜጋ መሆን የሚችለው «ነፃ ነጭ ሰው» ብቻ ነው ይል ነበር። የአፍሪካ ተወላጅ ዜግነት እንዲያገኝ የተፈቀደው በ1870 ነው፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱና ከባርነት መሻር በኋላ ማለት ነው። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የመግቢያ ኮታውን ሆን ብሎ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ አደላ፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የተተወው ዝቅተኛው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ሥርዓት የፈረሰው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብለው፣ ኦገስት 6፣ የምርጫ መብት ሕጉን ፈርመው ነበር። በማርች ወር በአላባማ ግዛት በሰልማ ድልድይ ላይ ለምርጫ መብት ሲሰለፉ የተደበደቡት ሰዎች ያመጡት ዓመት ነው። ሰውን በዘሩ መለየት አሳፋሪ የሆነው እነሱ አሳፋሪ ስላደረጉት ነው፤ በአገር ውስጥ ካሳፈረ ደግሞ በድንበር ላይም ማሳፈሩ አልቀረም። በስደተኝነት የመጣው ሰው፣ ዲቪ ደርሶት የመጣው ሰው፣ በቤተሰብ ጥሪ የመጣው ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ሁላችንም በዚያ በር ነው ያለፍነው። አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ግን በሩን ማን እንደከፈተልን የነገረን ሰው አልነበረም።

ውለታው ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ፋሺስት ጣሊያን በ1935 አገራችንን ሲወር በሐርለምና በቺካጎ ያሉ ጥቁሮች ሰልፍ ወጡ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ሄደን እንዋጋ ብለው ተመዘገቡ። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው አብራሪ ከቺካጎ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባና ለንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በረረ። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ በዙሪያቸው የቆሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በገዛ አገራቸው፣ ወደ ደቡብ ግዛቶች ከወረዱ፣ አውቶቡስ ላይ ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ለእኛ ነፃነት ከኪሳቸው ሳንቲም አወጡ። «ምን አገባን» የሚለው ቃል በእነሱ አፍ አልነበረም።

አንድ ስም ልጨምር። ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት የመጣ ወጣት ነበር። በኖቬምበር 1988 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ በዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ ተገደለ። ገዳዮቹ አያቱ በባርነት መጡ ወይስ በአውሮፕላን ብለው አልጠየቁትም።

ስለዚህ በቤታችን፣ በቡናው ዙሪያ፣ ልጆች እየሰሙ «እነሱ መሥራት አይወዱም» የሚለው ወሬ ሲነሳ ዝም አልልም። እባካችሁ፣ እናንተም ዝም አትበሉ።

ስለ አድሎው ማውራት ውለታ ቢስነት አይሆንም? እዚህ አገር ሠርተን በልተናል፤ የበላንበትን ወጪት እንስበር?

ፍርሃቱ ይገባኛል። እዚህ ባገኘሁት ደመወዝ እናቴን አሳክሜያለሁ፤ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ። ምስጋናዬ እውነት ነው፤ ማንም እንዲነጥቀኝ አልፈቅድም።

ግን ዜግነት ስንወስድ እጃችንን አንስተን የማልነው ለምንድን ነው? የማልነው ለሕገ መንግሥቱ ነው፤ ልንደግፈውና ልንከላከልለት። በዚያው ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ሕዝብ በደሉ እንዲታረምለት መንግሥትን የመጠየቅ መብት እንዳለው ተጽፏል። አድሎውን መናገር የመሐላው አፍራሽ ሳይሆን ፈጻሚ ነው። ወጪቱን የሚሰብረው ሰው ሌላ ነው፤ ገበታው ላይ ለሁሉም ቦታ አለ ብሎ ጽፎ ከፊሉን እንግዳ ቆሞ የሚያስበላው ነው።

ልጄ «እኛስ ታዲያ ደስ ይበለን ወይስ አይበለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስ?

የእኔም ልጅ ጠይቃኛለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤት የነፃነት አዋጁን መግቢያ በቃሏ አጥንታ መጣችና ወጥ ቤት ቆማ አነበነበችልኝ። ከጨረሰች በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ «አባዬ፣ ያኔ ብንኖር ኖሮ እኛ በ‹ሁሉም› ውስጥ ነበርን?» አለችኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «አልነበርንም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «መቼ ገባን?» አለች።

መቼ ገባን የሚለው ጥያቄ ከማንም አዋቂ ያልሰማሁት ነው። ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ጋር የምንነጋገረው በእሱ ላይ ሆነ። በ1865 ማን ገባ? በ1870ስ? ሴቶች በምርጫ የገቡት በ1920 ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች በምድራቸው ላይ ሁሉም ዜጋ የተባሉት በ1924 ነው። አሁን ድረስ ያልገባ ማን አለ? የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ መሸከም ትችላለች። የሚከብዳት ወላጇ ዓይኑን ከእሷ ሲያሸሽ ነው። ሁለት ነገር ግን አልመክርም። በዓሉን ከልጅ አትንጠቁ፤ ርችቱን ይይ፣ ሀብሐቡን ይብላ። ደግሞም ውሸት አትንገሩት፤ ዛሬ ባትነግሩት ነገ ሌላ ሰው ይነግረዋል፣ ያን ጊዜ ለምን ደበቃችሁኝ ይላል።

ጁንቲንዝን ማክበር ይበቃናል?

ጁንቲንዝ ጁን 19 ቀን 1865 ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር በቴክሳስ ጋልቬስተን የባሮቹን ነፃ መውጣት ያስነገሩበት ቀን ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሮችን ነፃነት ካወጁ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የቴክሳስ ጥቁሮች ትውልድ ከትውልድ ሲያከብሩት ኖረው በ2021 የፌዴራል በዓል ሆነ። ያክብሩት። ባለቤቶቹ በሚያዘጋጁት ቦታ ተገኝተው ቢያዳምጡ ደግሞ ይበልጣል። አንዱ በዓል ሌላውን እንዲተካ የሚያስገድድ ነገር ግን አላየሁም።

ጁላይ 4 ሥራ ላይ ነኝ። የማን በዓል ነው የማከብረው?

ለአሥራ አንድ ዓመት ከተማ መሐል በአንድ ሕንፃ ሥር በሚገኝ ማቆሚያ የሰው መኪና በማቆም ሠርቻለሁ። ጁላይ 4 የሥራው ጫፍ ነው። ከቀትር ጀምሮ ቤተሰብ ሁሉ ወንበርና የምግብ ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ ቁልፉን ይሰጠናል፤ ርችቱ ወደሚታይበት ሜዳ ይሄዳል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ርችቱ ይጀምራል። ከመሬት በታች ሦስተኛው ወለል ላይ ርችት አይታይም። ድምፁ ብቻ በኮንክሪቱ ውስጥ ወርዶ ይመጣል፤ መጀመሪያ እግርህ ይሰማዋል፣ ቀጥሎ በሰሌዳው ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች ይንሿሿሉ፣ ከዚያ አንዱ መኪና መጮህ ይጀምርና ሌላው ይቀበለዋል። ከእኔ ጋር የነበሩት አንድ የጎንደር ሰው፣ አንድ የአስመራ ሰውና ሁለት ኤልሳልቫዶራውያን ነበሩ። ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን እናይ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ እኩልነት የሚያወራ ሰው ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም።

ጥያቄውን ለሚጠይቀኝ ሰው ተግባራዊውን ነገር እነግረዋለሁ። የፌዴራሉ ሕግ የግል አሠሪ በበዓል ቀን ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍል አያስገድድም፤ የሚወስነው የሥራ ውላችሁ፣ የሠራተኛ ማኅበራችሁ ስምምነት ወይም የግዛታችሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ውሉን አስቀድማችሁ አንብቡ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ ብዙ ግዛቶችና ከተሞች ግን ከዚያ በላይ ደንግገዋል። የራሳችሁን ከተማ እወቁ።

በዓሉን በሥራ ላይ ሆኖ መታዘብ በዓሉን ማወቅ ነው። ሜዳው ላይ ሆኜ ባየሁት ኖሮ የማን ድካም እንደተሸከመው አላይም ነበር።

እናቴ ከጦርነት መጥታለች። የርችቱ ድምፅ ያስደነግጣታል።

ይህ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚፈልገው ነው። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምቶ የኖረ ሰው ርችት መሆኑን እያወቀም ሰውነቱ አያምነውም። ከቀናት በፊት ጀምሮ በአማርኛ ወይም በራሳቸው ቋንቋ ንገሯቸው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በዋዜማውና በማግስቱም ጎረቤት ሊተኩስ እንደሚችል ጭምር። ከሰማይ የሚወርደውን ብርሃን እንዳያዩ መጋረጃ ዝጉ፤ መዝሙር ወይም መንዙማ ከፍ አድርጋችሁ ክፈቱ። ብቻቸውን አትተዋቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ርችት ለማየት መውጣት የለበትም፤ አንድ ሰው አብሯቸው ቡና ያፍላ።

የእኛ ሰው ጁላይ 4ን የሚያስበው በኳስ ነው። ይህ ከበዓሉ መሸሽ ነው?

የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ ዓመታዊውን ውድድር የሚያካሂደው በዚሁ በዓል ሰሞን ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ፈቃድ የሚያገኝበት ጊዜ ነውና። በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ሺዎች ይሰበሰባሉ፤ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የተለየውን የሰፈሩን ልጅ ስታዲየም በር ላይ አቅፎ ያለቅሳል። መሸሽ አልለውም። የተሰጠንን ቀን በራሳችን ነገር ሞላነው።

ለመሆኑ የራሳችንን በዓላት በዚህ ዓይን እናያቸዋለን?

ማየት አለብን። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በሰው አገር በደል ላይ ብቻ ደፋር መሆን ቀላል ነው።

ዓድዋን እወደዋለሁ። የካቲት 23 ሲደርስ ዛሬም ደረቴ ይሞላል። ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከዘመቱት መካከል የጌታውን ጓዝ የተሸከመ ባሪያ ነበር፤ ድል አድርጎ ተመልሶ ለባለ መሬት የሚገብር ጭሰኛ የሆነም ነበር። ኢትዮጵያ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1942 ነው። የገጠር መሬት ከባለ ርስቶቹ ተወስዶ ለአራሹ የተሰጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ 79 ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ። በእኛም አገር «መቼ ገባን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አለ። በመጠለያ ድንኳን ውስጥ እንቁጣጣሽን የሚቀበል ልጅም ዛሬ አለ። ድሉን መውደድና ያን ልጅ ማየት ለእኔ አንድ ሥራ ናቸው።

እርስዎ ራስዎ ያከብራሉ?

አዎ። ጠዋት ከልጆቼ ጋር አዋጁን እናነባለን፤ ተከትሎም ከዳግላስ ንግግር አንድ ገጽ። ከሰዓት በኋላ ሥጋ እጠብሳለሁ፤ ባለቤቴ ድንች ሰላጣውን አትሠራም፣ እሱ የጎረቤታችን ድርሻ ነው።

ጎረቤታችን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉት ጥቁሩ ወታደር ከነጩ ተለይቶ በሚበላበትና በሚተኛበት ጦር ውስጥ ነበር። ሲሞቱ በሬሣ ሣጥናቸው ላይ የተነጠፈው ባንዲራ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በጁላይ 4 ግን በበራቸው ላይ ባንዲራ አያውለበልቡም። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ባለፈው ዓመት ልጄ ጠየቀቻቸው። አጠገባቸው አስቀመጧትና ስለ አባታቸው ብዙ አወሩላት፤ ጀርመን አገር ስለበላው ቅዝቃዜ፣ ሲመለስ በባቡር የት ላይ እንዲቀመጥ እንደተነገረው። እኔ ከጓሮ ሥጋውን እያገላበጥኩ ግማሹን ብቻ ሰማሁ። ዘንድሮ ልጄ የቀረውን ለመጠየቅ ደብተር አዘጋጅታለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሮቻችንን ተሸክመን ወደ እሳቸው ግቢ እንሻገራለን።